እንሶስላ በጥላ ጓሮ፦ «ደረቀብኝ» ለምትሉኝ ሁሉ

በየዓመቱ ኅዳር ሲገባ ስልኬ ይጮኻል። ጠያቂው ይለያያል እንጂ ጥያቄው አንድ ነው። «እንሶስላዬ ክረምቱን ሙሉ እንደ ሙሽራ ሲያምር ከርሞ አሁን ወድቆ ደረቀ። ምን በደልኩት?» ብዙ ጊዜ መልሴ «ምንም» ነው። ተክሉ አልሞተም፤ ተኝቷል። የሚያሳዝነው አብዛኛው ሰው የሚደውልልኝ ነቅሎ ከጣለው በኋላ መሆኑ ነው።

አልፈርድም፤ እኔም ነቅዬ ጥያለሁ። ደሴ ውስጥ መጀመሪያ የተከልኩት እንሶስላ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ግንዱ ልፍስፍስ ሲል «አለቀለት» ብዬ ከነሥሩ ቆፍሬ ጓሮ ጥግ ያለው የቆሻሻ ክምር ላይ ወረወርኩት። በሚቀጥለው ሰኔ፣ ከድንች ልጣጭና ከቡና አተላ መሀል፣ ከበፊቱ የወፈረ ቡቃያ ብቅ አለ። ተክሉ የሚፈልገው ምን እንደሆነ ያስተማረኝ ያ ክምር ነው። ብስባሽ፣ ጥላና እርጥበት ይፈልጋል። በበጋ ደግሞ ማንም እንዲነካካው አይፈልግም።

ከዚህ በታች ያለው ለደሴና ለአካባቢው ደጋና ወይና ደጋ የሚሆን ነው። ኮምቦልቻና ሐይቅ ያላችሁም ትጠቀሙበታላችሁ። የሚለየውን በየቦታው እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ፦ እጃችሁ ላይ ያለው እንሶስላ ነው?

ሦስት ነገር ስለሚምታታ ነው የምጠይቀው። እንሶስላ የአገራችን የጫካ አበባ ነው። ወንዝ ዳር፣ ምንጭ ዳር፣ ዛፍ ሥር ይበቅላል። ግንዱ ወፍራምና ውሃ ያዘለ ነው፤ ሲመቸው ከሰው ቁመት ያልፋል። አበባው ነጭ፣ ትልቅ፣ ጉሮሮው ላይ ሐምራዊ ነው። ከኋላው እንደ ክር የቀጠነ ረጅም ጭራ አለው። ሥሩ ድንች ይመስላል፤ እጅና እግር የሚቀላውም በዚህ ሥር ነው።

ሂና ሌላ ነው። ሂና የቆላ ቁጥቋጦ ነው፤ ፀሐይ ይወዳል፤ የሚወቀጠውም ቅጠሉ ነው። ሦስተኛው ችግኝ ጣቢያዎች በፌስታል የሚሸጡት አጭሩ፣ ሮዝና ቀይ አበባ ያለው ኢምፔሸንስ ነው። የእንሶስላ ዘመድ ነው፤ ግን ድንች የመሰለ ሥር የለውም። እሱ በበጋ ከደረቀ በእውነት ሞቷል። እንግዲህ የእናንተው ይህኛው ከሆነ የእኔ «ተኝቷል» አይሠራለትም።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- ጤነኛ የእንሶስላ ሥር፣ ቢያንስ አንድ ዓይን ያለው (የድንች ዓይን እንደምትሉት)
- በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት ወይም የቆየ ፍግ፣ ለአንድ ጉድጓድ አንድ ባልዲ
- አፈሩ ዋልካ ከሆነ የወንዝ አሸዋ፣ ግማሽ ባልዲ
- ዶማ ወይም መቆፈሪያ፣ ስለታም ቢላዋ
- ጥቂት የእንጨት አመድ
- ለጉዝጓዝ የሚሆን ጭድ፣ ደረቅ ቅጠል ወይም የደረቀ ሣር
- ሜትር ከግማሽ የሚሆን እንጨት ወይም ሸምበቆ፣ ለድጋፍ
- ቦታውን የምታመለክቱበት ድንጋይ። ይቺን ድንጋይ አትናቋት፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

ሥሩን ከየት? ጓሮዋ ውስጥ ያላት ጎረቤት ካለች ከእሷ ለምኑ። ሲከፈል አይጎዳም፤ እንዲያውም ያሮጀውን ያድሰዋል። ለማቅለሚያ ገበያ ወጥቶ ካገኛችሁም ይበቅላል። ያልተላጠ፣ ያልተጨማደደ፣ ሲጫኑት የሚጠነክር ምረጡ። ከጥብቅ ደን ግን ቆፍራችሁ አታምጡ። ክልክል ነው። ደግሞም በአበባው ጊዜ የተነቀለ ተክል ግንዱ ውሃ ስለሆነ መንገድ ላይ ይጠወልጋል፤ ደሴ ሳይደርስ አለቀ ማለት ነው።

ደረጃ 1፦ ቦታ ምረጡ

ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አጥፉ። ቦታው ከተሳካ ሌላው ሁሉ ይቀላል።

እንሶስላ የጠዋት ፀሐይ ይችላል፤ እስከ 3 ሰዓት ወይም እስከ 4 ሰዓት ቢያገኝ ጥሩ ያብባል። ከቀኑ 6 እስከ 10 ሰዓት ያለውን ፀሐይ ግን አይችልም። ቅጠሉ ሰፊና ስስ ነው፤ ሥሩ ከሚያመጣው በላይ ውሃ ያተናል። እኩለ ቀን ላይ ተንጠልጥሎ ማታ ቀና ካለ ፀሐይ በዝቶበታል ማለት ነው። ስለዚህ በምዕራብ በኩል ግድግዳ ሥር አትትከሉ። ከሰዓት በኋላ ግድግዳው ራሱ ይግላል።

እኔ የምመርጠው የቤቱን ሰሜናዊ ጎን ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። በእኛ አካባቢ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ፀሐይ ወደ ደቡብ አዘንብላ ነው የምትሄደው። ሰማዩ ጥርት የሚልበት ጊዜ በአብዛኛው ይኸው ነው። ያኔ ሰሜናዊው ግድግዳ ሥር ጥላ አለ። ከግንቦት እስከ ሐምሌ ፀሐይዋ ወደ ሰሜን ታልፋለች። ከሰኔ መጨረሻ በኋላ ደመናው ይሸፍናል። የሚያስቸግረው ግንቦት ነው። ቡቃያው ለጋ ሳለ ያገኘዋል። ያን ወር ብቻ ቅጠላም ቅርንጫፍ አጠገቡ ሰክታችሁ አጥሉለት።

ዛፍ ሥር ከሆነ የዛፉ ዓይነት ወሳኝ ነው። ኮክ፣ አቮካዶ፣ ወይራ፣ ኮባ ሥር ይስማማዋል። ባሕር ዛፍ ሥር አይሞከርም። ጥላ አለ ብላችሁ እንዳትሸወዱ፤ የመሬቱን ውሃ ምጥጥ አድርጎ ይጠጣዋል። ጥቅጥቅ ያለ ጥድ ሥርም ዝናቡ ራሱ በቅጡ ስለማይደርስ አይመችም።

አንድ ተጨማሪ ነገር፦ የቆርቆሮ ጠፈጠፍ። የጣሪያ ውሃ የሚወርድበት አካባቢ እርጥበት ስላለው ጥሩ ቦታ ነው፤ ግን ትክክል ጠፈጠፉ ሥር አትትከሉ። የሐምሌ ዝናብ አፈሩን ቦርቡሮ ሥሩን ያወጣዋል። ግማሽ ሜትር ራቅ አድርጉ።

አበባው ሲመሽ ነው የሚሸተው። ነጭ የሆነውም ጭራው የረዘመውም ለሌሊት ቢራቢሮ ብሎ ነው። እና ከተቻለ ማታ ቡና ከምትጠጡበት በረንዳ ወይም ከመስኮት አጠገብ ይሁን። ጓሮ ጫፍ ተክሎ «ሽታ የለውም» የሚል ሰው አጋጥሞኛል።

ደረጃ 2፦ ጊዜውን ጠብቁ

ወሎ ሁለት ዕድል አለን። አንዱ በልግ ነው፦ ከየካቲት መጨረሻ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ። በበልግ የተተከለ ሥር ክረምት ሲመጣ ተዘጋጅቶ ስለሚጠብቅ በዚያው ዓመት ያብባል። ግን በልግ እንደምታውቁት እምነት የሚጣልበት አይደለም። ዝናቡ ቀርቶ ብቅ ያለው ቡቃያ በግንቦት ደረቅ ሊመታ ይችላል። ቧንቧ ወይም ጉድጓድ ውሃ ቅርብ ከሌላችሁ ሰኔ መጨረሻን ጠብቁ። ትንሽ ይዘገያል፤ ልፋቱ ግን ግማሽ ነው።

መስከረምና ጥቅምት ላይ አትትከሉ። ተክሉ ሊተኛ የሚሰናዳበት ወቅት ነው፤ ሥር ለመስደድ ጊዜ አያገኝም።

ደረጃ 3፦ ጉድጓዱና አፈሩ

40 ሳንቲ ሜትር በ40፣ ጥልቀቱም 40 አድርጋችሁ ቆፍሩ። የላይኛውን ጥቁር አፈር ለብቻ፣ የታችኛውን ለብቻ አስቀምጡ። ደሴ ላይ ድንጋዩ መከራ ነው፤ ትልልቁን አውጡ፣ ጠጠሩን ተዉት። ውሃ ያሳልፋል።

አሁን ጉድጓዱን በውሃ ሙሉት። ከሁለት ሰዓት በኋላ ካልሰረገ ቦታው ውሃ ይቋጥራል። እንሶስላ እርጥበት ይወዳል፤ የቆመ ውሃ ግን ሥሩን ያበሰብሰዋል። ወንዝ ዳር ሲበቅል ያያችሁትም ውሃው የሚያልፍበት ቁልቁለት ላይ እንጂ ረግረግ ውስጥ አይደለም። ውሃ ከቋጠረ ቦታ ቀይሩ ወይም 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ መደብ ሥሩ።

የላይኛውን አፈር ሁለት እጅ፣ ኮምፖስት አንድ እጅ አድርጋችሁ ደባልቁ። ዋልካ ከሆነ አሸዋውን ጨምሩ። ፍጉ ትኩስ ከሆነ ግን ይቅር፤ ሲፈላ የሚፈጥረው ሙቀት ለጋውን ዓይን ያቃጥላል። ስትነኩት ቀዝቃዛ፣ ስታሸቱት የአፈር ሽታ ያለው መሆን አለበት።

ደረጃ 4፦ ሥሩን አዘጋጁ

ትልቅ ከሆነ ክፈሉት። ቢላዋውን በፈላ ውሃ አጥባችሁ፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ቢያንስ አንድ ዓይን፣ ቢሻል ሁለት እንዲኖር አድርጋችሁ ቁረጡ። ከእንቁላል ያነሰ ቁራጭ አትሥሩ። ቡቃያው ቅጠል እስኪያወጣ የሚኖረው በዚያች ስንቅ ነው።

የተቆረጠበትን ፊት አመድ ነስንሱበትና ጥላ ውስጥ አንድ ቀን ይደር። ቁስሉ ካልደረቀ ለሻጋታ በር ይከፍታል። ይህን ስትሠሩ አሮጌ ልብስ ልበሱ። ቀለሙ ጨርቅ ላይ ካረፈ በሳሙና የሚሆን አይደለም።

ደረጃ 5፦ ትከሉ

ጉድጓዱን በተደባለቀው አፈር እስከ ላይ ድረስ ሙሉና ትንሽ ጠቅጠቅ አድርጉት። ዓይኑን ወደ ላይ አድርጋችሁ ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ቅበሩት። ከዚያ ከጠለቀ ይዘገያል፣ በክረምትም ይበሰብሳል። ከላይ ከሆነ ደግሞ ውርጭ ያገኘዋል። ኩታበርና ቦሩ ሜዳ በኩል ያላችሁ ወደ 8 አድርጉት፤ ብርዱን ታውቁታላችሁ።

በተክል መሀል 60 ወይም 70 ሳንቲ ሜትር ተዉ። ሲተከል ባዶ መሬት ይመስላል፤ በነሐሴ ግን ማለፊያ ይጠፋል። ሲጠጋጋ አየር አይዘዋወርም፤ ቅጠሉ ይሻግታል።

ዱላውን አሁኑኑ አጠገቡ ትከሉ። በኋላ ስትተክሉት ሥሩን ትወጉታላችሁ። ድንጋይዋንም አስቀምጡ።

ደረጃ 6፦ ውሃና ጉዝጓዝ

ከተተከለ በኋላ አንድ ጊዜ በደንብ አጠጡ፤ ከዚያ ቡቃያ እስኪታይ ድረስ አፈሩ እርጥብ ብቻ ይሁን። ቅጠል ሲያወጣ ዝናብ በሌለበት ሳምንት ለአንድ ተክል ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ሁለት ጊዜ ይበቃዋል። ኮምቦልቻ ሦስት ጊዜ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ዝቅ ትላለች። 25 ኪሎ ሜትር ብቻ ናት ብላችሁ አትናቁት፤ ሙቀቱ ሌላ አገር ነው። ባቲ ያላችሁ ወዳጆቼ ግን፣ ይቅርታ፣ ሂናውን ብትይዙ ይሻላችኋል።

ማታ ወይም ማለዳ ሥር ሥሩን አጠጡ እንጂ ቅጠሉ ላይ አትርጩ።

ጉዝጓዙን ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አድርጋችሁ አንጥፉ። ጭድም ደረቅ ቅጠልም ይሆናል። ጓሮ ውስጥ የተከማቸ የጫት ገረባም ከደረቀ በኋላ ይሠራል። ግንዱን ግን አያስነኩት፤ አንድ መዳፍ ያህል ራቅ ይበል። ውሃ ያዘለ ግንድ ከእርጥብ ጭድ ጋር ሲገናኝ ይበሰብሳል። የባሕር ዛፍ ቅጠልም አትጠቀሙ።

ደረጃ 7፦ ክረምቱን ማሳለፍ

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሥራችሁ ሁለት ብቻ ነው። አንደኛ፣ ግንዱን በለስላሳ ጨርቅ ከዱላው ጋር ላላ አድርጎ ማሰር። ነፋስ ሲመታው ቀጭ ይላል። በረዶ ዘንቦ ቅጠሉን ቢበጣጥሰውም አትደንግጡ፤ ከጎን ያቆጠቁጣል።

ሁለተኛ፣ ቀንድ አውጣ። ይህ እንግዲህ ዋናው ጠላት ነው፤ ቅርፊት ያለውም የሌለውም። አንዲት ለጋ ቡቃያ በአንድ ሌሊት ትጠፋለች። ማታ በባትሪ ወጥታችሁ ልቀሙት፤ ከዚህ የሚሻል መድኃኒት አላገኘሁም። አመድ ዙሪያውን መነስነስ ይረዳል፤ ግን ዝናብ ሲነካው ዋጋ የለውም፤ በክረምት ደግሞ የማይዘንብበትን ቀን ፈልጉት። ቅጠሉ ጀርባ ላይ ክሽክሽ ካያችሁ በሳሙና ውሃ እጠቡት።

ዶሮ ያላችሁ አጥር ሥሩ። ጉዝጓዙን በአንድ ቀን ነው የምትበትነው።

ደረጃ 8፦ እንዲተኛ ተዉት

ከክረምቱ አጋማሽ እስከ ጥቅምት ያብባል። ከዚያ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፤ ግንዱ ይልፈሰፈሳል፤ አንድ ሌሊት ውርጭ ከመጣ ጠዋት ላይ የተቀቀለ ጎመን መስሎ ታገኙታላችሁ። ስልኬ የሚጮኸው ያኔ ነው።

አትንቀሉ። ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ ሳለ የያዘውን ወደ ሥሩ እያወረደ ነው። ግንዱ ራሱ ሲወድቅ ብቻ ከመሬት አራት ጣት ከፍ አድርጋችሁ ቁረጡት። ከዚያ ጉዝጓዙን ወደ 10 ሳንቲ ሜትር አሳድጉ። ውርጩንም ድርቀቱንም የሚከለክልለት እሱ ነው።

ማጠጣቱን አቁሙ። «እንዳይጠማው» ብሎ በየቀኑ የሚያጠጣ ሰው ከረሳው ሰው የበለጠ ይገድለዋል። ቅጠል የሌለው ሥር ውሃ አይጠጣም፤ ውሃው ዙሪያውን ተኝቶ ያበሰብሰዋል። በወር አንድ ጊዜ ጉዝጓዙን ገልጣችሁ ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ አስገቡ። እስከ ጣታችሁ ሥር ድረስ አቧራ ከሆነ ሁለት ሊትር ጠጋ አድርጋችሁ አፍስሱ። ቀዝቀዝ ካለ ተዉት።

ድንጋይዋ የምትጠቅመው አሁን ነው። ጥር ላይ ከመሬት በላይ ምንም አይታይም። ጓሮ ለማጽዳት የመጣው ልጅ፣ ወይም እናንተው ራሳችሁ ረስታችሁ፣ በዶማ ታገኙታላችሁ።

ማብዛት ከፈለጋችሁ

ሥር መክፈል ቀላሉ ነው፤ በሦስተኛው ዓመት፣ ከመንቃቱ በፊት። ሁለተኛው መንገድ ቁርጥራጭ ነው። ሰኔ መጨረሻ ወይም ሐምሌ መጀመሪያ ላይ አበባ የሌለበትን 15 ሳንቲ ሜትር ጫፍ ከአንጓው በታች ቆርጣችሁ፣ የታችኛውን ቅጠል አንስታችሁ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ትከሉ። በሁለት ሦስት ሳምንት ሥር ያወጣል። ነሐሴ መጨረሻ ላይ የተቆረጠም ሥር ያወጣል፤ ግን ድንቹን ሳይሠራ በጋ ይደርስበታል። ስንቅ ሳይዝ የተኛ አይነሳም።

ዘሩ? የደረሰው ፍሬ ገና ሲነኩት ፈንድቶ ዘሩን ይበትናል። ልጆች ይወዱታል፤ እኔ ለመሰብሰብ ትዕግሥት የለኝም።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

«ዩሪያ ብጨምርበትስ?» አይሆንም። ቅጠል ብቻ ይሆናል፤ ግንዱ ይለሰልስና በመጀመሪያው ነፋስ ይተኛል። በዓመት አንድ ጊዜ፣ በበልግ መግቢያ፣ ሁለት እፍኝ ኮምፖስት ይበቃዋል።

በመጀመሪያው ዓመት ለማቅለሚያ ሥሩን መቆፈር ሌላው ነው። ሠርግ ደረሰ፣ ዒድ ደረሰ ተብሎ ለጋው ይወጣል። ሦስት ዓመት ታገሡ። ከዚያም ግንዱ ከደረቀ በኋላ ከጎን ያሉትን ብቻ ውሰዱ፤ ዋናውን ከነዓይኑ መልሱ።

በድስት ወይም በባልዲ መትከል ይቻላል፤ ቢያንስ 20 ሊትር የሚይዝ፣ ታቹ የተበሳ ይሁን። በትንሽ ጣሳ ግን አትልፉ።

ተጠንቀቁ

እጃችሁን ስትቀቡ መጀመሪያ ክንድ ላይ በትንሹ ሞክሩና አንድ ቀን ጠብቁ። ቆዳው የሚቆጣ ሰው አለ። ቶሎ እንዲጠቁር ብሎ የፀጉር ማጥቆሪያ ዱቄት የሚቀላቅል ካለ እምቢ በሉ። ቆዳ የሚያቃጥለው፣ ጠባሳ የሚተወው እሱ ነው። እንሶስላው ተላጥቶ፣ ተወቅጦ፣ ተጠቅልሎ ከታደረ ለብቻው ይበቃል። ሥሩን ለመጠጥ ወይም ለመድኃኒት ብላችሁ እኔን አትጠይቁኝ፤ ይህ መመሪያ ለአበባና ለቀለም ነው።

ፍልፈል ያለበት ጓሮ ከሆነ ጉድጓዱን ከመሙላታችሁ በፊት ዙሪያውንና ታቹን በወንፊት ሽቦ ልበጡት። ከታች መጥቶ ሥሩን ይበላዋል፤ እናንተ ከላይ ጉዝጓዝ ስታነጥፉ ትከርማላችሁ።

እና እስከ ሐምሌ አጋማሽ ምንም ካልበቀለ በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ ቆፍሩና ሥሩን ጫን አድርጉት። ከለሰለሰና ከሸተተ በስብሷል፤ ቦታው ውሃ ይቋጥራል ማለት ነው። ከጠነከረ ግን አፈሩን መልሱበት፤ ሁለት ሳምንት ደግሞ ስጡት።